ሦስተኛው እጥበት

የመታሰቢያ ፀጉር መርገፍ የጀመረው በታይፎይድ ሁለት ሳምንት ተኝታ ከተነሣች በኋላ ነው። መጀመሪያ ማበጠሪያዋ ላይ ታየ፤ ቀጥሎ ትራሷ ላይ። ኋላ ደግሞ ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ ጽፋ ስትዞር፣ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት ተማሪዎች ትከሻዋን አይተው ቶሎ ወደ ደብተራቸው እንደሚያቀረቅሩ አስተዋለች። የደብረ ታቦር ልጅ ናት። ፍኖተ ሰላም ሒሳብ እንድታስተምር ከተመደበች አራት ዓመት ሆኗታል። ሐኪሙ ጊዜውን ጠብቆ ይመለሳል ብሎ ቫይታሚን አዘዘላት፤ እሷም ከመድኃኒት ቤት ያገኘችውን ቅባት ሁሉ ሞከረች። አምስት ወር አለፈ። ከግንባሯ በላይና ከጆሮዋ ኋላ ራሷ እንደ መዳፍ ልሙጥ ሆነ። ሻሽ ሳታስር ከቤት መውጣት ተወች።

አንድ ቀን ግቢ ውስጥ ልብስ ስታሰጣ ነፋስ ሻሿን ገፈፈውና ያከራዩዋት ወይዘሮ ቻይነሽ አዩአት። ወይዘሮ ቻይነሽ የቡሬ ተወላጅ ናቸው። ሻሿን ከመሬት አንሥተው አራግፈው ሰጧትና እዚያው ቆመው ስለ አንዲት ሴት ነገሯት። ሴትዮዋ በለጠች ይባላሉ፤ ከአዊ የመጡ ቤተሰብ ናቸው፤ ከቡሬ ወጣ ብሎ ካለ መንደር ይኖራሉ። ፀጉር የሚያጥቡበት ዱቄት ያዘጋጃሉ። ዱቄቱን ግን አይሸጡም፣ ለማንም አይሰጡም። ራሳቸው ጋ ሄደሽ በገዛ እጃቸው ነው የሚያጥቡሽ፤ በየሁለት ሳምንቱ፣ ሦስት ጊዜ። መላጣ የነበረች የጎረቤት ሴት በአንድ እጥበት ፀጉር ስታበቅል ወይዘሮ ቻይነሽ በዓይናቸው አይተዋል።

መታሰቢያ ያቺ ሴት አሁን እንዴት እንደሆነች ጠየቀች። ወይዘሮ ቻይነሽ ደኅና ናት፣ ግን ተላጨችው አሉ። ለምን እንደተላጨች ለማንም አልተናገረችም። ሦስቱንም ጊዜ የጨረሰች ሴት እንደሆን እሳቸው አያውቁም።

መታሰቢያ ይህን ሰምታ ልትተወው ነበር። ግን በዚያው ሳምንት ደሞዝ ልትቀበል በተሰለፈችበት አንድ የሥራ ባልደረባዋ ሊቀልድ ብሎ ሻሿን ከኋላ ሳብ አደረገው። ቅዳሜ ጠዋት ወደ ቡሬ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነበረች።

ጥቅምት ሊያልቅ ነበር። ከቡሬ ባጃጅ እስከሚሄድበት ድረስ ሄዳ የቀረውን በደረቀ የበቆሎ ማሳ መሐል በእግሯ አዘገመች። ወይዘሮ በለጠች ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ረጅምና ቀጭን ሴት ነበሩ። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሰዋል። መታሰቢያ ባላቸው የሞቱ መሰላት። ከየት እንደመጣች ጠየቋት፤ ስሟን ስትነግራቸው አንድ ጊዜ ደገሙት፤ ሌላ ነገር ሳይሉ ወደ ጓሮ ይዘዋት ሄዱ።

ዱቄቱ በቅል ውስጥ ነበር፤ አረንጓዴና አመድማ። ጥላ ላይ የደረቀ የእንዶድ ፍሬ፣ የግራዋ ቅጠልና አብሽ አንድ ላይ ተወቅጦ በቀጭን ወንፊት የተነፋ ነው። ሁለት እፍኝ ሳፋ ውስጥ አደረጉ፤ አንድ ሬት ቆርጠው ዝልግልጉን ጨመቁበት፤ ከጀሪካን የምንጭ ውሃ እያፈሰሱ በእጃቸው መቱት። አረፋው ሳፋውን ሞላ። ከዚያ በበርጩማ አስቀምጠው አጎነበሷት። እንዶድ ዓይን ያቃጥላልና ጨፍኚ አሏት። እኔ በቃ ሳልልሽ ቀና እንዳትዪ፣ እንዳትናገሪም አሏት።

ጣቶቻቸው ጠንካራ ነበሩ፤ ግን ልሙጡ ቦታ ላይ ሲደርሱ እንደ ላባ ቀለሉ። መታሰቢያ እናቷ ካጠበቻት ወዲህ እንዲህ አድርጎ የነካት ሰው አልነበረም። ሴትዮዋ ቀስ ብለው በአዊኛ ያወራሉ። ቋንቋውን ስለማትሰማ ጸሎት መሰላት። ግን ጸሎት እንደሚባለው አልነበረም፤ እየጠየቁ፣ መልስ እየጠበቁ፣ እንደገና እየጠየቁ ነበር። በመጨረሻ በቀዝቃዛ ውሃ ሦስት ጊዜ አለቀለቋት፤ በፎጣ ጠቅልለው ቀና አደረጓት።

ዓይኗን ስትገልጥ ያየችው ነገር ገረማት። ወይዘሮ በለጠች የታጠበችበትን ውሃ አልደፉትም። ሳፋውን በሁለት እጃቸው አንሥተው፣ ጠብታ እንዳይፈስ እየተጠነቀቁ፣ ከጓሮው ጥግ ወዳለው ግራዋ ወሰዱና ከሥሩ አፈሰሱት። የግቢው ሣር ደርቆ ሳለ ያ ግራዋ ጥቁር እስኪመስል ለምልሞ ነበር።

በአራተኛው ቀን ልሙጡ ቦታ ሻከረ። በአሥረኛው ቀን ጣት የሚይዘው ፀጉር ሆነ። ሁለቱ ሳምንት ሲሞላ ከአራት ጣት በላይ ነበርና ወይዘሮ ቻይነሽ ሲያዩት አማተቡ። መታሰቢያ ሻሿን አውልቃ ትምህርት ቤት ገባች። ሰው ሁሉ ደስ አለው፤ እሷም መስተዋት ፊት ስትቆም አለቀሰች። የራሷ ፀጉር ሉጫ ቢጤ ነበር። ይህ ግን ወፍራምና ጥቅጥቅ ያለ፣ በጣም ጥቁር ነበር። ከበሽታ በኋላ የሚበቅል ፀጉር ይለወጣል ሲባል ስለሰማች አልከበዳትም።

ሁለተኛው እጥበት ላይ ሁሉም ነገር እንደ መጀመሪያው ሄደ፤ እስከ መሐሉ ድረስ። ሴትዮዋ በአዊኛ እየጠየቁ ሳለ የመታሰቢያ አፍ ተከፈተና መለሰ። አጭር መልስ ነበር፤ ሦስት ወይም አራት ቃል። ድምፁ የሷ ነው፤ ቃሎቹን ግን በሕይወቷ ተናግራቸው አታውቅም። የወይዘሮ በለጠች እጆች ራሷ ላይ ቆሙ። ከዚያ ፈጥነው አለቀለቋት።

ቀና እንዳለች መታሰቢያ ምን እንዳለች ጠየቀቻቸው።

«ውሃው ይቀዘቅዛል ነው ያልሽው» አሏት።

እኔ አዊኛ አልችልም አለቻቸው። ሴትዮዋ ሳፋውን አንሥተው ወደ ግራዋው ሄዱ።

ከዚያ ቀን በኋላ ፀጉሯ አልደረቀም። በማግስቱ እሑድ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ተቀመጠች፤ ማምሻውን ሲነኩት የሚንጠባጠብ ነበር። ሰኞ ፀጉር ቤት ሄደች። ሠራተኛዋ በማድረቂያ ግማሽ ሰዓት ደከመችና ማሽኑን አጥፍታ፣ ከላይ አይደለም የሚረጥበው፣ ከሥሩ ነው አለቻት። ሌላ ቀን ነይ አላለቻትም። ሽታም ነበረው። የእንዶድ ወይም የቅቤ ሽታ አይደለም፤ በክረምት የደፈረሰ ወንዝ የሚሸተው፣ የጭቃና የበሰበሰ ቅጠል ሽታ። ልብሷ ከአንገቷ እስከ ወገቧ እየረጠበ በቀን ሁለቴ ትቀይራለች። ሳምንት ሳይሞላ ፀጉሩ ትከሻዋን አልፎ ጀርባዋ ላይ ወረደ።

ዓርብ ዕለት ከአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ፊት አንድ እኩልታ እየፈታች ጠመኔዋን እንደያዘች ቆመች። ስትነቃ ክፍሉ ፀጥ ብሏል። ደወሉ ሲደወል ከእንጅባራ የመጣች አንዲት ተማሪዋ ወደ ኋላ ቀርታ፣ አዊኛ እንደሚችሉ አላውቅም ነበር መምህር አለቻት። ምን አልኩ ስትላት ልጅቷ ለመናገር አመነታች።

«'ያዘኝ' ነው ያሉት። 'አትልቀቀኝ።' ደጋግመው።»

መታሰቢያ ሦስተኛው ቀን እስኪደርስ አልጠበቀችም። በማግስቱ፣ ቅዳሜ፣ ሴትዮዋ ይህን ነገር እንዲያቆሙት ልትለምናቸው ቡሬ ሄደች። ከሚኒባስ ወርዳ ወደ ባጃጆቹ ስታቀና ከኋላዋ አንድ ሰው ብርሃን ብሎ ተጣራ። ስሙ የሷ አይደለም፤ እንዳልሆነ እያወቀች ዞረች።

የጠራት ሰው ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ የሚሆነው ገበሬ ነበር። ፊቷን ሲያይ የያዘውን ጆንያ መሬት አስቀምጦ ላዩ ላይ ተቀመጠ። ይቅርታ ያድርጉልኝ አላት፤ ከኋላ ሳይዎት ባለቤቴን መሰሉኝ። ከዚያ የረጠበውን ፀጉር ልብ ብሎ አየና ወይዘሮ በለጠች ጋ ስንት ጊዜ እንደታጠበች ጠየቃት።

ሻይ ቤት ገብተው ተቀመጡ። ስሟንና መምህርነቷን ነገረችው። ደርበው ይባላል። ብርሃን የወይዘሮ በለጠች አንድ ልጅ ነበረች፤ የሱ ሚስት። ከሦስት ዓመት በፊት በነሐሴ ከለቅሶ ሲመለሱ የፈጣምን ወንዝ ሞልቶ አገኙት። እሷ ጎደል እስኪል እንጠብቅ አለች። እሱ ከብቶቹ ብቻቸውን ናቸው፣ እንዲያውም ይብሳል ብሎ እጇን ይዞ ገባ። መሐል ላይ እጇ አመለጠው። ዘወር ብሎ ፀጉሯን ያዘ።

ደርበው እዚህ ላይ ሲደርስ መዳፉን ዘርግቶ አየው። ፀጉሯ ብቻ በእጁ ቀረ አለ። አንድ እፍኝ። ሃያ ቀን የወንዙን ዳር ተከትሎ ፈለጋት፤ አልተገኘችም። ያቺን እፍኝ ፀጉር በነጭ ጨርቅ ቋጥሮ ለእናቷ ወሰደ። እናቷ አላለቀሱም። ፀጉሩን ከጓሮው ጥግ በገዛ እጃቸው ቀበሩትና፣ የቀረውን እስክታመጣልኝ ልጄ አልሞተችም፣ ተዝካርም የለም፣ እስክትመለስ ግን ጥቁሬን አላወልቅም፣ አንተም ይህን በር አትርገጥ አሉት። ግራዋው ፀጉሩ ከተቀበረበት ላይ የበቀለ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ሴት ማጠብ የጀመሩት። የታጠቡትን ሴቶች በየገበያው ከኋላ እያየ ደንግጦ ያውቃል፤ እንዲህ ግን ሆኖ አያውቅም።

መታሰቢያ እንዳትሄድ የሚለምናት መስሏት ነበር። እሱ ግን ዓይኑን ሳያነሣ ተናገረ።

«ነውር እንደሆነ አውቃለሁ፣ መምህር። ግን እሷ ከሆነች የምታናግርዎ፣ የት እንዳለች ይጠይቁልኝ።»

አብረው ሄዱ። ወይዘሮ በለጠች ደርበውን ከአጥሩ በር ላይ ሲያዩት ፊታቸው ጨለመ፤ ግን ዓይናቸው ከመታሰቢያ ፀጉር አልተነሣምና አላባረሩትም። መታሰቢያ ሁሉንም እንደሰማች ነገረቻቸው። አልካዱም። መጀመሪያ የግራዋውን ቅጠል ከዱቄቱ ጋር የቀላቀሉት ሳያስቡት ነበር አሉ። የጎረቤታቸውን ራስ ሲያጥቡ የልጃቸውን ፀጉር በጣታቸው አወቁት። እናት የልጇን ራስ በጨለማም ታውቀዋለች አሉ። ሌሎቹ ሴቶች ሁሉ ከሁለተኛው በኋላ ፈርተው ቀሩ።

መታሰቢያ ሦስተኛው ላይ ምን እንደሚሆን ጠየቀች።

«ከሦስተኛው በኋላ ይደርቃል» አሉ ወይዘሮ በለጠች።

መታሰቢያም የምትፈልገው መድረቁን ነበር። ደርበው አጠገቧ እንዲቆም፣ ብርሃን ያለችበት ቦታም እንዲጠየቅ ነግራቸው ተስማሙ። ቀኑ ገና ረፋድ ነበር፤ ፀሐይዋ ታቃጥላለች። በርጩማው ላይ ተቀመጠች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ አጎነበሰች።

አረፋው ራሷን እንደነካው እግሯ ቀዘቀዘ። ቅዝቃዜው ወደ ጉልበቷ፣ ከጉልበቷ ወደ ወገቧ ወጣ፤ የሚገፋ ቅዝቃዜ ነበር። የውሃ ድምፅ ትሰማለች፤ ከጀሪካን የሚፈስ ሳይሆን ድንጋይ የሚያንከባልል። ወይዘሮ በለጠች በአዊኛ አንድ ነገር ጠየቁ፤ አፏ መለሰ። ይህን ኋላ ደርበው ነው የተረጎመላት። የክርስትና ስምሽ ማነው ነበር ያሏት፤ ወለተ ጊዮርጊስ አለች። ያን የብርሃን ስም ከእናቷና ከንስሐ አባቷ ከቄስ አድማሴ በቀር ሰው አያውቀውም ነበር፤ ደርበው እንኳ ያኔ መስማቱ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ የት ነሽ ነበር። ወንዙ በሚታጠፍበት፣ ከወደቀው ሾላ ሥር፣ አሸዋው ከብዶኛል አለች።

ከዚያ የሴትዮዋ እጆች ከራሷ ላይ ተነሡ።

መታሰቢያ የሚያለቀልቃትን ውሃ ጠበቀች። ውሃ አልመጣም። ፀሐይዋ ማጅራቷን ትጠብሰዋለች፤ አረፋው እየሟሸሸ፣ ዱቄቱ ራስ ቅሏን እንደ ጭቃ እየጨመደደው መጣ። ቀና ልትል ሞከረች፤ አንገቷ አልታዘዛትም። አፍስሱልኝ ልትል አሰበች፤ አፏ ውስጥ ቦታ አልነበራትም። ዓይኗን ገልጣ ጭኗ ላይ ያሉትን እጆች አየቻቸው። ጣቶቹ ጠመኔ ይዘው የማያውቁ ጣቶች ይመስል በዝግታ ቀሚሷን ይዳስሱ ነበር።

ደርበው ያለቅልቋት እንጂ፣ ለምን ቆሙ ሲል ሰማችው።

«ይድረቅ» አሉ ወይዘሮ በለጠች። «ልጄ ቤቷ ገብታለች። ይድረቅ።»

ደርበው ብርሃን ብሎ ጠራ። አንገቷ ወደ ድምፁ ሊዞር ሲል ለራሷ ታወቃት። እሱም አየው። ሚስቱን ሦስት ዓመት የፈለገ ሰው ነው፤ አንድ እርምጃ ብቻ ነበር የቀረው። ምን ያህል እንደቆመ አታውቅም። ከዚያ ድምፁን ለውጦ፣ መምህር መታሰቢያ፣ መምህር መታሰቢያ ብሎ ሁለት ጊዜ ጠራትና ጀሪካኑን አንሥቶ እስከ መጨረሻው ጠብታ ራሷ ላይ አፈሰሰው።

ፀጉሩ ከሥሩ ለቀቀ። ሳይበጣጠስ፣ አንድ ሆኖ፣ እንደ ተገፈፈ ቆዳ ሳፋው ውስጥ ወርዶ ተዘረጋ። መታሰቢያ ከበርጩማው ወድቃ ሣሩ ላይ ተኛች፤ ራሷን ስትዳስሰው አንድ ዘለላ አልቀረባትም። ወይዘሮ በለጠች ሳፋው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ። ፀጉሩን አውጥተው ጭናቸው ላይ አደረጉት፤ ለረጅም ጊዜ በጣታቸው ካፍታቱት በኋላ ማልቀስ ጀመሩ። ጎረቤት ሰምቶ መጣ። በዚያ መንደር ለብርሃን የተለቀሰው ያን ቀን ነው።

ኅዳር አጋማሽ ስለነበር ፈጣም ጎድሏል። በማግስቱ ደርበውና አምስት ሰዎች አካፋ ይዘው ወንዙ ወደሚታጠፍበት ወረዱ። የወደቀውን ሾላ አገኙት። በሦስት ዓመት ውስጥ ሥሩ አሸዋ ተቆልሎበታል። ከቀትር በፊት አጥንቷን አወጡ፤ አንገቷ ላይ የነበረው የብር መስቀልም አብሮ ነበር። ቄስ አድማሴ ፍትሐት አድርሰው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተቀበረች። ወይዘሮ በለጠች ፀጉሩን አጥበው፣ ቅቤ ቀብተው፣ ሹሩባ ሠርተው ከአጥንቷ ጋር አስገቡት። መታሰቢያ ከቀባሪው መሐል ነበረች። ራሷ የተላጨ ስለመሰለ ለቀስተኞቹ የቅርብ ዘመድ መስላቸው እየሳሙ አጽናኗት፤ እሷም አይደለሁም አላለችም። ከቀብር ሲመለሱ ወይዘሮ በለጠች ጣሳ ይዘው በሩ ላይ ቆሙና የደርበውን እጅ አስታጠቡት። ከሦስት ዓመት በኋላ ቤታቸው ገብቶ እህል ቀመሰ።

በአርባዋ መታሰቢያ ተጠርታ ሄደች። ወይዘሮ በለጠች ለብቻዋ ወስደው ልጃቸው እንዴት ሆና እንደሄደች ጠየቋት። መታሰቢያ፣ ደክሟት ነበር፣ እንቅልፍ እንደሚወስድ ሰው ሆና ነው የሄደችው አለቻቸው። ሴትዮዋ እጇን ይዘው ሳሙት። ከዚያ ወዲያ ማንንም አላጠቡም።

የመታሰቢያ የራሷ ፀጉር በኋላ ሳሳ ብሎ በቀለ፤ አሳጥራ ትቆረጠው ጀመር። በዓመቱ ዝውውር አግኝታ ወደ መራዊ ልትሄድ ዕቃዋን ስትሸክፍ ወይዘሮ ቻይነሽ ፍራሹን እያጠፉላት ነበር። ለወይዘሮ በለጠች የነገርኳቸው ውሸት ነው አለቻቸው፤ ድንገት፣ ሳይጠይቋት። ወይዘሮ ቻይነሽ እጃቸውን ሰብስበው ተቀመጡ።

ውሃው ሲፈስ ብርሃን አልሄደችም ነበር። ቤቷ እንደገባች፣ እናቷም እንዳጠቧት አውቃለች፤ መቅረት ነው የፈለገችው። ውስጥ ሆና መታሰቢያን በሁለት እጇ አጥብቃ ያዘቻት። ጉልበተኛ ነበረች፤ በዚያ ላይ ትለምናለች፤ በአዊኛ ነበር የምትለምነው፣ መታሰቢያም እያንዳንዱን ቃል ትሰማው ነበር። ደርበው ያፈሰሰው ውሃ ብቻውን አይበቃም ነበር።

«ጣቶቿን አንድ በአንድ ያላቀቅኳቸው እኔ ነኝ» አለች።

ወይዘሮ ቻይነሽ ተነሥተው የፍራሹን አንድ ጫፍ ያዙ፤ እሷ ሌላውን ያዘች፤ ገመዱን ሁለት ጊዜ አዙረው አጥብቀው አሰሩት።